አንድም ያልተቃጠለ ዕቃ፦ አዳማ ላይ የተገጣጠመ የአንድ ጌም ኮምፒውተር ጉዳይ

ይህ ኮምፒውተር እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ ተፈርዶበታል። አንዱ ጠጋኝ “ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል” ብሏል። ሌላው “ፕሮሰሰሩ ፌክ ነው፣ ተሸውዳችኋል” ብሏል። ባለቤቱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው። ገንዘቡ ግን የእናቱ ነው፣ ከእቁብ የወጣ። ስለዚህ ይዘውት የመጡት ሁለቱም ናቸው።

እናትየው ገና ሳይቀመጡ “ልጄ፣ ተቃጥሎ ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ፤ ከዚህ በላይ የማወጣው የለኝም” አሉኝ።

“እናቴ፣ ሳልፈትሸው ተቃጥሏል አልልም። ይቀመጡ” አልኳቸው።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው አዳማ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ነው። ልጆች ዕቃውን ለየብቻ ይገዛሉ። አንዱን ከመርካቶ፣ አንዱን ከቦሌ፣ ቀሪውን ከቴሌግራም። ቤት ወስደው ይገጣጥሙታል። አይነሳም። ወይም ይነሳና ጌም መሀል ላይ ይጠፋል። ደረሰኙ ደግሞ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” ይላል። ውጭ አገር የተሠሩ ቪዲዮዎች “ሌላ ራም ሞክር፣ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ሞክር” ይላሉ። እነሱ ያልሠራላቸውን መልሰው ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። እኛ ጋ ለሙከራ ተብሎ የተገዛ ዕቃ የገዢው ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የምፈትሽበት ቅደም ተከተል ከእነሱ ይለያል። መጀመሪያ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን እጨርሳለሁ። ቀጥሎ ተውሼ የምሞክረውን። መግዛት የሚመጣው በውሰት ዕቃ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ኮምፒውተር የዳነው በዚህ መንገድ ነው።

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600፣ ስድስት ኮር ያለው። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ ቢ450 ቺፕሴት። ግራፊክስ ካርዱ ራዲዮን አርኤክስ 6600፣ ባለ 8 ጊጋ። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ ከሁለት የተለያዩ ሱቆች የተገዙ። 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ። ከድሮ ኮምፒውተር የተነቀለ ሃርድ ዲስክ። ጎኑ ላይ በትልቁ “600 ዋት” የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ። እና ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የስክሪን መሰኪያ ብቻ ያለው ያገለገለ ሞኒተር። ምርጫው መጥፎ አይደለም። ለኪሱ የሚመጥን፣ ተጠንቶ የተገዛ ነው። ፕሮሰሰሩና ካርዱ በደንብ ይመጣጠናሉ።

ሳበራው ፋኖቹ ዞሩ። የኬዙ መብራቶች በሩ። ስክሪኑ ጨለማ ነው።

ከሁሉ በፊት የስክሪኑን መንገድ አየሁ። ልጁ የኤችዲኤምአይ ገመዱን የሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ራይዘን 5 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚሠራው ስማቸው መጨረሻ ላይ “ጂ” ካላቸው ዓይነት፣ ግራፊክስ አብሯቸው ከተሠራ ፕሮሰሰሮች ጋር ነው። ገመዱን ወደ ካርዱ አዞርኩት። አሁንም ጨለማ። ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን አዳፕተር አውጥቼ የራሴን ኤችዲኤምአይ ያለው ሞኒተር ሰካሁ። ጨለማ። የፕሮሰሰሩ የኃይል ገመድ በትክክል መግባቱን አየሁ። ገብቷል። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችው ቀይ ማብሪያም 230 ላይ ናት። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ የገዛ ሰው ይህቺን ማብሪያ ሳያይ እንዳይሰካ። 115 ላይ ሆና የእኛን 220 ቮልት ካገኘች ወዲያው ነው የሚፈነዳው።

እስካሁን አንድ ብር አልወጣም። ሦስት ጥርጣሬ ግን ወጥቷል፦ ገመዱ፣ አዳፕተሩ፣ ሞኒተሩ።

ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች አየሁ። ብዙ ቦርዶች ጠርዝ ላይ አራት መብራት አላቸው፦ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ዲራም (ራሙ)፣ ቪጂኤ (እዚህ ላይ ግራፊክስ ካርዱ)፣ ቡት (ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ)። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በተራ በተራ በርተው ይጠፋሉ። ችግር ካለ ችግሩ ያለበት መብራት እንደበራ ይቀራል። በዚህኛው ላይ “ሲፒዩ” የሚለው ቀይ ሆኖ ቀርቷል። “ተቃጥሏል” የተባለው በዚህ መብራት ምክንያት ነው ብዬ እገምታለሁ። መብራቱ ግን መቃጠልን አይናገርም። ቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር መግባባት እንዳልቻለ ነው የሚናገረው። አለመግባባት ደግሞ ብዙ ምክንያት አለው። መቃጠል ከነዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚጠረጠር ነው።

“ካርቶኑ አለ?” ብዬ ጠየቅኩ።

ልጁ “የምን ካርቶን?” አለ። እናትየው ግን “እንዴት ይጣላል!” ብለው ከትልቁ ፌስታል ውስጥ አወጡት። ሁሉንም ካርቶን ይዘው ነው የመጡት። የማዘርቦርዱ ካርቶን ጥግ ላይ ክብ ስቲከር አለ። ለራይዘን 3000 ዝግጁ ነው ይላል። ስለ 5000 ምንም አይልም።

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ኤኤም4 የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ሶኬት ለብዙ የፕሮሰሰር ትውልዶች አገልግሏል። አንድ ሶኬት ስለሆነ ሁሉም ይገባል፣ ክዳኑም ይዘጋል። መግባትና መሥራት ግን ይለያያሉ። ቦርዱ ፕሮሰሰሩን የሚያውቀው ባዮስ በሚባለው ውስጡ በተጫነ ፕሮግራም ነው። የቢ450 ቦርዶች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የ5000 ተከታታይ የመጣው በ2020 መጨረሻ ላይ ነው። ይህ 5600 ደግሞ ገበያ ላይ የዋለው በ2022 ነው። የ3000 ስቲከር ለጥፎ ከፋብሪካ የወጣ ቦርድ 5600 የሚባል ነገር አያውቅም። ባዮሱ ካልታደሰ ፋኑን አዙሮ ቀጥ ይላል።

አምራቾች ለእያንዳንዱ ቦርድ የፕሮሰሰር ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ፊት ለፊት “ከዚህ የባዮስ ቁጥር ጀምሮ” የሚል ዓምድ አለ። ልጁ ዝርዝሩን አይቶ ነበር። 5600 ስሙ አለ። ዓምዱን ግን አላነበበም። ዕቃ ከመግዛት በፊት ከሚነበቡት ሁሉ እኔ የማስቀድመው ያንን ዓምድ ነው። ሻጩን “ባዮሱ ታድሷል ወይ?” ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። አንዳንዱ ሱቅ ያለ ክፍያ አድሶ ይሰጣል።

አንዳንድ ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ጀርባው ላይ አለው። ፍላሽ ሰክቶ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው። ይህኛው የለውም። ስለዚህ ቦርዱ የሚያውቀው ያረጀ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ያንን ለአንድ ሥራ ብሎ መግዛት ሞኝነት ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ፣ ኮምፒውተሩን በቅርቡ ያሻሻለ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ደወልኩለት። አሮጌው ራይዘን 3 2200ጂ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ከመዋሳችን በፊት ሌላም ነገር ለመንኩት። የእሱ አዲሱ ቦርድ የ5000 ተከታታይን ያውቃል። የእኛን 5600 እዚያ ላይ እንሞክረው አልኩት። ፈቃደኛ ሆነ። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ተነሳ። ስሙን፣ ኮሩን፣ ፍጥነቱን ቦርዱ አንብቦ አሳየ። “ፌክ ነው” የሚለው ወሬ እዚያው አለቀለት። እናትየው በስልክ ሲሰሙ “ተመስገን” ብለው ዝም አሉ።

ፕሮሰሰሩን ለመንቀል ስንነሳ ልጁ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ሊጎትት ነበር፣ እጁን ያዝኩት። ይህ ቦታ በደንብ ይታይ። በኤኤም4 ፕሮሰሰሮች ላይ እግሮቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ላይ ነው። 1331 ቀጫጭን የወርቅ ቀለም እግሮች። አብሮ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ሥሩ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስት፣ ሲደርቅ ፕሮሰሰሩን አጥብቆ ይይዘዋል። ቀጥ ብሎ ከተጎተተ የሶኬቱ ማንሻ ተዘግቶ እያለ ፕሮሰሰሩ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል። እግሮቹ ይጣመማሉ። ትክክለኛው መንገድ ቡሎኖቹን በካቻቢቴ ከፈቱ በኋላ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ሳያነሱ ቀስ እያሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ፔስቱ ሲለቅ እጅ ላይ ይታወቃል። በድንገት ላላ ይላል። ያኔ ይነሳል። መልሶ ሲገጠም ደግሞ አሮጌው ፔስት በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል።

2200ጂውን የእኛ ቦርድ ላይ ገጠምን። የመጀመሪያው ምስል መጣ። ባዮሱ ውስጥ ስገባ ቀኑ 2019 ይላል። ቦርዱ ጤነኛ ነው። ሁለተኛውም ፍርድ ፈረሰ።

ባዮስ ማደስ በራሱ ከባድ አይደለም። አዳማ ላይ ከባድ የሚያደርገው መብራት ነው። ፋይሉ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦርዱ ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ስለዚህ ዩፒኤስ ላይ ሰካሁት። ዩፒኤስ አለ ማለት ግን ባትሪው ይሠራል ማለት አይደለም። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳ ነቀልኩ። እየጮኸ ኮምፒውተሩን ይዞ ቆየ። ማደሱ ከሚፈጀው በላይ እንደሚይዝ ካየሁ በኋላ መልሼ ሰካሁት።

ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ስናወርድ የቦርዱን ስም ብቻ አላየንም። ቦርዱ ላይ በትንሹ የታተመውን የሪቪዥን ቁጥርም አመሳከርን። አንድ ስም ኖሯቸው ሪቪዥናቸው የተለያየ ቦርዶች ፋይላቸውም ሊለያይ ይችላል። ገጹ ላይ ያለውን ማስታወሻም አነበብን። አንዳንድ ቦርድ ከድሮ ባዮስ በቀጥታ ወደ አዲሱ እንዲዘል አይፈቀድለትም፣ መሀል ላይ ሌላ መጫን አለበት። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርገን ፋይሉን ገለበጥን። ከባዮሱ ውስጥ ጫንነው። መስመሩ ሞልቶ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። 5600ውን መለስን። “ሲፒዩ” የሚለው መብራት በርቶ ጠፋ። ሌሎቹም በተራ በርተው ጠፉ።

ልጁ እዚህ ላይ “አለቀ!” አለ። አላለቀም ነበር።

ሃርድ ዲስኩ አይታይም። ይህ ቀላል ነው። ብዙ ቦርዶች ላይ ኤስኤስዲው የሚሰካበት የኤም2 ቦታ ሲያዝ ሃርድ ዲስክ ከሚሰካባቸው የሳታ ቀዳዳዎች ሁለቱ ሥራ ያቆማሉ፣ መስመሩን ስለሚጋሩ። የቦርዱ መመሪያ ላይ በሰንጠረዥ ተጽፏል። ገመዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ አዞርነው፣ ታየ። ዊንዶውሱንም ኤስኤስዲው ላይ እንደ አዲስ ጫንን። ድሮ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ዊንዶውስ አምጥቶ አዲስ ቦርድ ላይ ማስነሳት ጣጣው ብዙ ነው።

ዋናው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔትና ፊልም ላይ ምንም አይለውም። ጌም ሲከፈት ግን አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጥፍት ብሎ ራሱ ይነሳል። ልጁ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ነው የነገረኝ፣ “ሪስታርት ያደርጋል” ብሎ። እኔ ግን ለየብቻ እንዲመዘግብልኝ ጠየቅኩት። ሰማያዊ ስክሪን ከሆነ የስህተቱን ስም ፎቶ አንሳ፣ ጥፍት ካለ ሰዓቱን ጻፍ አልኩት። ይህ ወረቀት ብዙ ድካም አስቀርቶልናል።

የሰማያዊዎቹ ስም በየጊዜው ይለያያል። አንድ ድራይቨር ወይም አንድ ፕሮግራም ከሆነ ጥፋተኛው ስሙ ይደጋገማል። በየጊዜው ሲቀያየር እኔ መጀመሪያ የማየው ራም ነው። ራሞቹን አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱ 3200፣ በ1.35 ቮልት የሚሠራ። ሌላው 2666፣ በ1.2 ቮልት። ሻጩ “ሁለቱም ዲዲአር4 ነው፣ አንድ ናቸው” ብሎታል። ሶኬታቸው አንድ ነው፣ እውነት ነው። ፍጥነታቸው ግን አንድ አይደለም። ልጁ ከቪዲዮ ባየው መሠረት ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለውን አብርቷል። ያ ማለት የፈጣኑ ራም መመዘኛ ለሁለቱም ተሰጠ ማለት ነው። ዘገምተኛው አልቻለም።

ይህንንም በግምት አልተውኩትም። ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫንኩና እያንዳንዱን ራም ብቻውን አስፈተንኩ። ሁለቱም አለፉ። አብረው 3200 ላይ ሲሆኑ ስህተቱ በቀይ ይዘረገፍ ጀመር። ሁለቱንም 2666 ላይ አስቀመጥኳቸው። ንጹሕ። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን አልመጣም። ራሞቹ ለየብቻቸው ጤነኛ ናቸው፣ አብረው 3200 ላይ መሮጥ ነው ያልቻሉት።

ሌላም ነገር አስተካከልኩ። ሁለቱ ራሞች የተሰኩት እርስ በርሳቸው በሚቀራረቡ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ነበር። እንደዚያ ሲሆኑ በአንድ ቻነል፣ ማለትም ወደ ፕሮሰሰሩ በሚወስድ አንድ መንገድ ብቻ ይሠራሉ። ከፕሮሰሰሩ በኩል ስንቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሲሰኩ ነው በሁለት ቻነል የሚሠሩት። ለራይዘን ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። ከ3200 ወደ 2666 ወርደን ያጣነውን ፍጥነት በዚህ ሳናካክስ አልቀረንም።

ጥፍት ማለቱ ግን አልቆመም።

እናትየው ይህን ሲሰሙ “የሰፈራችን መብራት ነው! ፍሪጁም እንዲሁ ያደርገዋል” አሉ። ጥርጣሬያቸው ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ያለው ቤታቸው ማታ ማታ ኃይል እንደሚዋዥቅ ልጁም ነግሮኛል። ግን ኮምፒውተሩ እኔ ጋ፣ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶም ጌም ሲከፈት ይጠፋል። ስለዚህ የቤቱ መብራት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪውወር የሚባለው መዝገብ ላይ ገባሁ። ኮምፒውተሩ በጠፋበት ሰዓት ላይ ከርነል ፓወር፣ ቁጥር 41 የሚል ተጽፏል። የስህተት ኮዱ ዜሮ ነው። ይህ መዝገብ ብቻውን ጥፋተኛውን አይጠቁምም። ኮዱ ዜሮ ሲሆን ግን ዊንዶውስ ስህተት አግኝቶ የዘጋው አይመስልም። ኃይሉ በድንገት እንደተቋረጠበት ነው የሚነግረን። ሙቀቱንም አየሁ። አዳማ ሙቀት አያጣትም፣ የኬዙ ፋን ግን በደንብ ይስባል። ፕሮሰሰሩም ካርዱም ከሚያሰጋው በጣም በታች ነበሩ።

ከዚያ አንድ የማያስወጣ ሙከራ አደረግኩ። የኳስ ጌሙን በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ ገደብኩት። ካርዱ ሥራው ሲቀልለት የሚበላው ኃይልም ይቀንሳል። ልጁ ብዙ ተጫወተ፣ አልጠፋም። ገደቡን አነሳሁት። ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። መልሼ ገደብኩት፣ አልጠፋም። አሁን ፓወር ሰፕላዩን አውጥቼ ስቲከሩን አነበብኩ።

“600 ዋት” የሚለው ጎኑ ላይ በትልቅ ፊደል የታተመ ነው። ስቲከሩ ላይ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ሌላ ይላል። በ12 ቮልት መስመሩ ላይ 18 አምፔር። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። የዘመኑ ኮምፒውተር ዋናውን ኃይል የሚስበው ከዚህ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዱም እዚያ ላይ ነው የሚንጠለጠሉት። ጆንያው ላይ ኩንታል ተብሎ ተጽፎ ሲመዘን ሃምሳ ኪሎ እንኳ እንዳልሞላ እህል ነው።

ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ ደመርነው። አርኤክስ 6600 132 ዋት። 5600 ስሙ 65 ዋት ቢሆንም ሙሉ ሲሠራ እስከ 76 ዋት ይስባል። ሁለቱ ብቻ 208። ከ216 ላይ ስምንት ዋት ተረፈ። ፋኑ፣ ዲስኩ፣ ቦርዱ ራሱ ከየት ያግኙ? ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ለቅጽበት ከተጻፈለት ቁጥር በላይ ዘሎ ይስባል። ያኔ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ያጠፋል። ፊልም ላይ ምንም የማይለው ካርዱ ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥ ነው።

የካርዱ አምራች ለ6600 የሚመክረው 450 ዋት ነው። ልጁ 600 የገዛው “ከሚያስፈልገኝ በላይ ይሁን” ብሎ ነው። ትክክለኛ 450 ቢገዛ ይበቃው ነበር። ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁትን ንዴት እኔም እጋራዋለሁ። ልጁ ተጠንቅቆ ነበር። የተጠነቀቀበት ቁጥር ነው የከዳው።

ገመዱም ሌላ ታሪክ አለው። ካርዱ ስምንት እግር ያለው የኃይል ሶኬት ይፈልጋል፣ ለ150 ዋት የተሠራ። ፓወር ሰፕላዩ ያለው ባለ ስድስት ብቻ ነው፣ ለ75 ዋት የተሠራ። ሻጩ ከስድስት ወደ ስምንት የሚቀይር ገመድ መርቆለታል። ገመዱ ቅርጹን ይቀይራል፣ ኃይል አይጨምርም። ጣቴን ጫፉ ላይ ሳደርግ ፕላስቲኩ ይሞቃል። ይህንን የማየው እንደ እሳት አደጋ ነው።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ግዙ ከማለቴ በፊት ከራሴ ኮምፒውተር ነቅዬ የእሱ ላይ ገጠምኩ። ገደቡን አነሳሁ። ልጁ እስኪሰለቸው ተጫወተ። አልጠፋም። የድሮውን ስመልሰው ጠፋ። አሁን ነው እናትየውን “እናቴ፣ አንድ ዕቃ መግዛት አለባችሁ። ይህ ግምት አይደለም፣ እርስዎም አይተዋል” ማለት የቻልኩት።

“ሌላ የሚጎድል የለም?” አሉኝ።

“ኮምፒውተሩ እንዲሠራ ሌላ የለም።”

የተገዛው ያገለገለ 550 ዋት ነው፣ ብሮንዝ ደረጃ ያለው። ስቲከሩ በ12 ቮልት 42 አምፔር ይላል። 504 ዋት። ልጁ ራሱ ነው አዲስ አበባ ሄዶ ያመጣው። ሻጩን መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋውን ሳይሆን “ስቲከሩን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ” ብሎ ነበር። ሱቁ ውስጥም ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ አስገጥሞ ጌም አስከፍቶ ነው የተቀበለው። አንዳንድ ሱቅ ይህን ሲጠየቅ ይቆጣል። የሚቆጣውን ትቶ መሄድ ነው።

ከተገጠመ በኋላ ገደቡ ተነስቶ በሰፈራቸው መብራት፣ በቤታቸው ሶኬት ላይ ሞከርነው። ይሠራል። ኃይሉ ሲዋዥቅ ግን አሁንም አደጋ አለው። ስለዚህ ከማከፋፈያው አውጥተን ለብቻው ስቴብላይዘር ላይ አደረግነው። ፍሪጁ ሌላ ሶኬት ላይ ሄደ።

ልጁ አንድ ሌላ ስጋት ነበረው። “ቢ450 የድሮ ፒሲአይ ነው ያለው፣ ካርዱን ግማሽ ያደርገዋል” ብለውታል። ፒሲአይ ካርዱ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። ቢ450 ፒሲአይ 3.0 ነው፣ ካርዱ ደግሞ 4.0፣ ይህ እውነት ነው። 6600 ግን በስምንት መስመር ስለሚሠራ የሚያጣው ትንሽ ነው። ይህ ስጋት በደንብ የሚሠራው በአራት መስመር ብቻ ለሚሠሩት፣ እንደ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ላሉ ካርዶች ነው። ያንን ካርድ ለአሮጌ ቦርድ የሚገዛ ሰው ሁለቴ ያስብ። ቦርድ ቀይር ያሉትን ግን እንዳይሰማ ነግሬዋለሁ።

የቀረ ነገር አለ። ራሙ። 2666 ላይ ያለ ችግር ይሠራል። አንድ ቀን ዘገምተኛውን ሸጦ ከፈጣኑ ጋር አንድ የሆነ ቢገዛ፣ ከቻለም ሁለቱንም በአንድ ካርቶን የታሸገ ጥንድ ቢያደርገው፣ ኤክስኤምፒውን ማብራት ይችላል። አይቸኩልም። 2200ጂውን ለተማሪው መለስን፣ የእሱን ፔስት ደግሞ እኛ ገዛንለት።

“600 ዋት” የሚለውን ፓወር ሰፕላይ ልጁ ቴሌግራም ላይ ሊሸጠው ፈልጎ ነበር። ለጌም ኮምፒውተር ብለህ አትሽጥ፣ ሌላ ልጅ እጅ ላይ ይህንኑ ያደርጋል አልኩት። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ኮምፒውተር ይበቃል። ጎኑ ላይ በማርከር “12 ቮልት፣ 216 ዋት” ብዬ ጻፍኩበት። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት በዚሁ ቁጥር ተነግሮት ገዛው።